ሲሻለው ይነገረዋል

እሁድ እሁድ ሀረገወይን ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከቡናው ሥር ቆማ፣ ለማንም ሳትደውል፣ ድምፅዋ ቤት ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ትንሽ ታወራለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና ገብታ ለባሏ የእናቱን ሰላምታ ትነግረዋለች። እናቱ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

«ደህና ናቸው፤ ያው ጉልበታቸውን ነው እንጂ» ትለዋለች። «ዘንድሮ ገብሱ ያምራል ብለዋል።»

«ጉልበቷንማ ድሮም ያማታል» ይላል ታከለ፣ ክኒኑን በውሃ እያወራረደ። ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው የከንፈሩ ግራ ጠርዝ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከሕመሙ የተረፈችው ምልክት እሷ ብቻ ናት።

ውሸት ሲደጋገም ይቀላል የሚሉ ሰዎች የምር ዋሽተው አያውቁም። ሀረገወይንን በየሳምንቱ እየከበዳት ሄደ። ባለፈው እሁድ ያለችውን ማስታወስ ነበረባት። ዝናብ ዘነበ ካለች ጭቃውን፣ ሰው ታመመ ካለች መዳኑን ማስከተል ነበረባት። አንድ ጊዜ ወሬ ሲያልቅባት «ላሚቱ ወልዳለች» አለችው። ታከለ ሳቀና የጥጃውን ስም ጠየቃት። እሷም መቱ ከተማ ልብስ መስፊያዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ደላንታ ውስጥ ላልተወለደ ጥጃ ስም አወጣች፤ «ቦራ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦራ ሳይጠይቃት የቀረበት እሁድ የለም።

ታከለ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ደላንታ በአባቱ እጅ ተይዞ ኢሉባቦር የወረደ ልጅ ነበር። አባቱ ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ በወባ ሞቱ። መንግሥት ሲለወጥ እናቱ እትዬ አባይነሽ ትንሹን ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እሱ ትምህርቴን ልጨርስ ብሎ መቱ ቀረ፤ እንደ ቀረም ቀረ። አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ፣ ቤት ሠራ። እናቱን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ሄዶ ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ ሥራው እየበዛ ሲመጣ ያም ቀረና በስልክ ሆነ።

የሥራው ብዛት ደግሞ ሰው የጫነበት አይደለም፤ ራሱ ነው የሰበሰበው። የትምህርት ቤቱ ዩኒት መሪ እሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባል እሱ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ እሱ። ከሁሉም በላይ የእድሩ ጸሐፊ ነበር። በሰፈሩ እድር ከወሎ የመጣው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሱቅ ያለው ጉራጌና ከምባታም፣ የአገሩ ኦሮሞም አብሮ ይቀባበራል። ዳኛው ጋሽ ጉቱ ናቸው፤ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ግን መርዶ ማርዳት የማይሆንላቸው ሰው። እንዲያው አንዴ ሞክረው ከሟቹ ቤተሰብ ቀድመው አለቀሱና ቤተሰቡ እሳቸውን ሲያባብል አረፈደ። ስለዚህ መርዶውም ወደ ታከለ መጣ።

ታከለ ደግሞ ያውቅበታል። ከሩቅ አገር ሰው ሲሞት ዘመድ ለሐዘንተኛው አይደውልም፤ ለእድሩ ነው የሚደውለው። ታከለ ወሬውን ይቀበልና ያን ቀን ጭጭ ይላል። ሰውየው ማታ እህል በአፉ መግባቱን ያጣራል። ቤተ ዘመዱን በጸጥታ ያስጠራል። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ጎረቤቶች አስከትሎ ይሄዳል። እጁን ትከሻው ላይ ያደርጋል። አያንዛዛም፣ በድንገትም አይወረውረውም። «እኔንስ ታከለ ባረዳኝ» እያሉ ሰዎች ያሞግሱት ነበር። እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰው ይገድላል፤ ሀረገወይን ይህን ብላ ተናግራለች፤ የሰማት የለም።

ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስ የደላንታና የአካባቢው ስልክ ተቋረጠ። ከኢሉባቦር ሰፋሪ ማን እንደሞተበትና ማን እንደተረፈለት የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩ የተከፈተ ሰሞን የወራቱ መርዶ በአንድ ጊዜ ወረደ። ታከለ ዛሬ አንዱን ቤት ያረዳል፤ ነገ ሌላውን። መቱን ሲጨርስ ወደ ቡሬ መንገድ ያሉት የሰፈራ መንደሮች ይጠሩታል። ከለቅሶው ቤት ወደ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ከክፍል ወጥቶ እንደገና ለነገው ቤት ያጣራል። መብላት ተወ። በመጨረሻ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ያየው ሰው ደረቱን ይይዝ ጀመር፤ አንዲት ሴትዮማ ገና «እንደምን አደርሽ» ሲላት መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ጮኸች። እሱ ቤቱ መጥቶ እንደ ቀልድ አወራው። ሀረገወይን አልሳቀችም።

አንድ ጠዋት ታከለ የአንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እጁን በሰውየው ትከሻ ላይ አደረገ፤ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣም። ሰውየው የእሱን ፊት አይቶ መርዶውን ራሱ ለራሱ ተረዳ። ታከለ ግን ፊቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ፣ ግራ እጁ ተንጠልጥሎ፣ እዚያው ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጋሽ ጉቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ለሀረገወይን ነገሯት። እትዬ አባይነሽ ስልኩ ተቋርጦ ሳለ፣ በኅዳር፣ አልጋቸው ላይ አርፈዋል። ወሬው ለጋሽ ጉቱ የደረሳቸው የሌሎቹ መርዶ በመጣበት ሰሞን ነበር።

«እና እያወቃችሁ የሰው መርዶ ታስነግሩት ነበር?» አለች ሀረገወይን።

«ሌላ ሰው የለንም፤ ይሄንን ይጨርስና እንነግረዋለን ብለን ነው» አሉ ጋሽ ጉቱ። «አጠፋን።»

አጠፋን ማለታቸውን ሰማች፤ ይቅር ግን አላለቻቸውም። ያረዳቸው ሰዎች ሁሉ የእሱን እያወቁ፣ እሱ ሲያጽናናቸው ዓይን ዓይኑን እያዩ ነበር። ይህን ስታስብ ገላዋ ይቃጠላል። ነገር ግን ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሏል፤ የእድሩም ደንብ አለ። ደንቡን ያወጣው ራሱ ታከለ ነው። ሳያት የምትባለው ጎረቤታቸው እርጉዝ ሳለች ወንድሟ ሲሞት፣ ወልዳ እስክትነሳ አይነገራትም ብሎ ተከራክሮ አሸነፈ፤ በዚያው የመርዶ ሰሞን ስትነሳም ራሱ አረዳት፤ ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ሳይሻለው መርዶ አይነገረውም ተባለ። እነሆ እሱም ታመመ። «ሲሻለው ይነገረዋል» አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ዘጋ። መቱ ውስጥ የማይወራ ነገር የለም፤ ያ ግን አልተወራም።

ታከለ ከሆስፒታል ሲወጣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ያልበው ነበር። የጎረቤት ስልክ ቢጮኽ እንኳ መዳፉ ይርሳል። ስለዚህ ስልኩን ለሀረገወይን ሰጣት፤ ዳግመኛም አልጠየቃትም። እናቱንም ቢሆን በእሷ በኩል ቢሰማ ይሻለው ነበር። እንዲህ አድርጎ ውሸቱን ራሱ አመቻቸላት።

አዲሱን ኑሮ የሠራችው እሷ ናት። ሲነሳ ውሃ፣ ክኒን፣ ከዚያ ወደ ሶር ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ቀስ ብሎ መራመድ። ቀድሞ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን የሚይዘው ሰው አሁን ጎመን ከተከለ ጎመኑን ብቻ ይተክላል። ትምህርት ቤቱም የጠዋቱን ክፍል ብቻ ተወለት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፈተና ያርማል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን አስተካክሎ ያስቀምጣል፤ ይተኛል። ጨው የሌለው ወጥ ለመደ። እግሩ ተስተካከለ፤ ንግግሩ ተፈታ። እሷ ግን ቤቱ ውስጥ የሚጮኽ ነገር እንዳይኖር ከበሩ እስከ ጓሮው ስትሮጥ ትውላለች። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ተቀብላ «ስለ እናቱ እንዳታነሱ» ትላለች፤ ሲሄድ ሸኝታ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች።

አንድ ነገር ብቻ አልሆን አላት። ታከለ እምቢ ማለት አልቻለም። ገና ከምርኩዝ ሳይላቀቅ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች መጥተው «አንተ ከሌለህ እኮ ሥራው ቆመ» ሲሉት ዓይኑ በራ። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠራቸው። ሀረገወይን ብትለምነውም፣ ብትቆጣውም ቀጠሮውን አልሰረዘም። ያን እሁድ ከጓሮው ስትመለስ፣ አስባው ሳይሆን እንዲያው አፏ ላይ መጥቶ፣ እንዲህ አለችው፦

«‹ይበቃሃል ልጄ› ብለዋል። ‹የሰው ሸክም ስትሸከም ኖርክ፤ አሁን ዕረፍ› ብለዋል።»

ታከለ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። እትዬ አባይነሽ በሕይወታቸው ለስላሳ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ፍቅራቸው ቁጣ ነበር፤ ሲደውልላቸው «ሞተሃል ወይስ አለህ?» ነበር ሰላምታቸው።

«እናቴ እንዲህ አለች?»

«እንዲህ አሉ።»

አለቀሰ። በማግስቱ ከእድሩም፣ ከሰበካ ጉባኤውም፣ ከሽምግልናውም ወጣሁ ብሎ ላከ። ለምን ሲሉት «እናቴ ይበቃሃል ብላኛለች» ይላቸዋል። ሰዎቹ መሬት መሬት እያዩ «ልክ ናቸው» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የተሻለው፤ ፊቱ ቀላ፣ እንቅልፍ ተኛ።

እንቅልፍ ያጣችው ሀረገወይን ነበረች። አማቷን ትወዳቸው ነበር፤ ግን አላለቀሰችላቸውም፤ የት ታልቅስ? ከልብስ መስፊያው ድምፅ ሥር፣ ፔዳሉን እየረገጠች ነው የምታለቅሰው፤ ያም አለቀ። የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ሰጠች። ሰው ሲያገኛት «ታኬ እንዴት ነው?» ይላታል፤ አንቺስ ያላት የለም። ከሁሉም የሚያስፈራት ደግሞ መሻሉ ነበር። ባሏ ቀና ብሎ በተራመደ ቁጥር ደስ ይላታል፤ ደስታው ሳያልቅ ደግሞ መርዶው አንድ እርምጃ ቀረበ ትላለች። የባልን መዳን መፍራት ምን ዓይነት ነገር ነው እያለች ራሷን ትረግማለች።

ጥቅምት ላይ ታከለ ከሐኪም ቤት እየሳቀ መጣ።

«መሄድ ትችላለህ ተባልኩ» አላት።

«የት?»

«ደላንታ ነዋ። ለኅዳር ሚካኤል እናቴ ጋ ነኝ።» ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እስካሁን ለምን የዳንኩ ይመስልሻል? ያንን ቃል ከአፏ ልሰማው ነው። በስልክ አይደለም፤ ቁጭ ብላ፣ እያየችኝ።»

ሀረገወይን የምትሰፋው ጨርቅ ላይ አቀረቀረች። ታከለ እየዞረ ማር ገዛ፤ ንጹሕ የጫካ ማር። ጋቢ አሠራ። ማታ ማታ ቦርሳውን ከፍቶ ያያል፤ እንደገና ያጥፈዋል።

እሷም ጋሽ ጉቱ ቤት ሄደች። ሳያትም እዚያ ነበረች።

«አልተሻለውም በሉልኝ» አለች ሀረገወይን። «መንገዱ ጥሩ አይደለም በሉት። እስከ ገና፣ እስከ ፋሲካ እናቆየው።»

«ልጄ፣ ሰውየው ድኗል» አሉ ጋሽ ጉቱ። «እዚያ ሄዶ ደጃቸው ላይ ሲደርስ ይስማው? ኃጢአት አይሆንብንም?»

«ኃጢአቱንማ ቀድማችሁ ሠርታችሁታል» አለች።

ሳያት ናት የተናገረችው። «ጋሽ ታከለ እኔን ሲያረዱኝ የእሳቸውን አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እጃቸውን እዚህ ትከሻዬ ላይ አድርገው ‹አይዞሽ› ሲሉኝ፣ ለወንድሜ ላልቅስ ለእሳቸው ግራ ገባኝ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ። እትዬ፣ አያቆዩት።»

ሀረገወይን ግን ይቆይ ብላ ተነሳች።

የዚያን ዕለት ሽሮ ጣደች። ታከለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያርማል። ሽሮው ሲንተከተክ የጨው ዕቃውን አንስታ ያዘች፤ ጨው የምትጨምረው ለብቻ በምትቀንሰው የራሷ ድርሻ ላይ ብቻ ነበር። ቆም አለች። ጨው ቢበዛበት የደም ግፊቱ ይነሳል። ግፊቱ ከተነሳ ሐኪሙ መንገድ ይከለክለዋል። ከተከለከለ አልተሻለውም ማለት ነው፤ ካልተሻለው ደግሞ አይነገረውም። ሐሳቡ እንደ ጥሩ ሐሳብ ነበር የመጣው፤ በጸጥታ፣ በደንብ ተደርድሮ። እፍኝ ሙሉ ዘግና ድስቱ ውስጥ ጨመረችና አማሰለችው።

«ሀረግ» አላት ከውጭ። «ሽታው ራሱ ያጠግባል።»

እጇን አየችው። ነጭ ጨው በጣቶቿ መካከል ተጣብቋል። ምድጃው አጠገብ በእጇ ተደግፋ ቆመች። ባሏን ልትገድል ነበር፤ ሌላ ስም የለውም፤ እንዳይሞት ስትል ልትገድለው ነበር። ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወጣችና ሽሮውን ቦይ ውስጥ ደፋችው። ታከለ ምነው ሲላት «አረረብኝ» አለችው። ነጠላዋን ሳትለብስ ወደ ጋሽ ጉቱ ቤት ሄደችና በሩ ላይ ቆማ «ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ንገሩት» አለች፤ ሳትቀመጥ ተመለሰች።

በማግስቱ ከሰዓት ገሊላ፣ ልጃቸው፣ ትምህርቷን ትታ ከጅማ መጣች። እናቷ ናት የጠራቻት። ታከለ ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ ነገሩ ይገባው ነበር፤ ድንገት የሚመጣ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ግን አቀፋት፤ «ለአያትሽ የምትልኪው ካለ ቦርሳው ውስጥ ቦታ አለ» አላት። ልጅቱ ፊቷን ልታጠብ ብላ ገባች። ሀረገወይን ዶሮ ሠርታ ነበር። እንዲጎርስ እንዲጎርስ ስታደርገው፣ እህል በአፉ ይግባ የሚለው የራሱ ደንብ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለውም። «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ ሳቀና ጠግቦ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ታከለ ተነስቶ ለመራመድ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ እሱ ከፈተ። ጋሽ ጉቱ ከፊት፣ ሳያት ከኋላ፣ ከዚያም ሁለት ሦስት የእድር ሰዎች። ሀረገወይን ከጓዳው በር ሆና የምታየው ጀርባውን ነው። ትከሻው ሲጠነክር አየች።

«ጋሽ ጉቱ» አለ ታከለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ትሑት ሰው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አልሄድም። እኔ ትቻለሁ። ሌላ የሚያረዳ ሰው ፈልጉ።»

ጋሽ ጉቱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እናቴ ይበቃሃል ብላኛለች» አላቸው።

ጋሽ ጉቱ እጃቸውን አንስተው ትከሻው ላይ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ጀባዹ፣ ታኬ» አሉ በኦሮምኛ። «በርታ ልጄ።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው ለቅሶ ቀደማቸው።

ታከለ ሽማግሌውን አየ። ሳያትን አየ። ዞሮ ገሊላ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ስትንሰቀሰቅ አየ። ሀረገወይን ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ወደ ውስጥ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ ጫማው ገና አልታሰረም።

«መቼ?» አለ።

«ያኔ... ስልኩ ተዘግቶ ሳለ። በኅዳር» አሉ ጋሽ ጉቱ።

«አምና?»

«አምና።»

«ሳያት፣ አንቺ ቤት የመጣሁ ጊዜ...»

«አውቅ ነበር ጋሼ» አለች ሳያት። «ይቅር ይበሉኝ።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ ሌላ ሰው ያጠፋውን የሒሳብ ጥያቄ እንደሚያስተካክል ሰው። ከዚያ ሚስቱን ብቻ ማየት ጀመረ።

«ጥጃውስ?»

«ጥጃ የለም» አለች ሀረገወይን።

«ገብሱ?»

«የለም።»

«ይበቃሃል ያለችውስ?» አለ። ይህን ሲጠይቅ እንደ ልጅ ነበር፤ እንድትዋሸው እየለመናት ነበር። ሀረገወይን መዋሸት ትችል ነበር፤ ወራት ሙሉ የሠራችው ሥራ ነው። ግን አልዋሸችውም።

«እሱም የኔ ነው ታኬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው፤ ለእናቱ ብቻ አልነበረም። ያቺ ደጓ፣ ዕረፍ ያለችው፣ ከሞት አፍ የመለሰችው እናቱ ፈጽሞ አልነበረችም። በአንድ ቀን ሁለት እናት ሞቱበት፤ ሁለተኛዋን የገደለችበት ሀረገወይን ናት። እሷም ይህን አውቃ ባለችበት ቆመች።

ድንኳን ተተከለ። ከቡሬም ከየሰፈራው መንደርም ሰው መጣ። ለቅሶው ግን እንግዳ ነገር ነበረው፤ ሰፈሩ ለእትዬ አባይነሽ በየቤቱ ያለቀሰው ድሮ ነው። አሁን የሚወጣው እንባ ያረጀ ነበር፤ ትኩስ ሐዘን ያለው ታከለ ብቻ። እሱም ከሰው መካከል ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አልወደቀም። ሰዎች ምግብ ሲያቀርቡለት ይቀምሳል፤ ክኒኑን ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተነስቶ ይውጣል። ሀረገወይንን ግን አላናገራትም። ስታልፍ እግሯን ሰብስቦ ያሳልፋታል፤ እንደማያውቃት ሴት።

እሷም አላለቀሰችም። ሙሾ ሲወርድ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ደረቷን ትመታለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። «ምራት አይደለች እንዴ?» ሲሉ ሰምታለች። «አንዲት ጠብታ!» የሚሉት እሷን ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወፍራም ነጠላ ልታወጣ ጓዳ ገባችና አልጋው ላይ ለአፍታ ቁጭ አለች።

ስትነቃ የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሌላው ግድግዳ ዞሯል። የቀሰቀሳት ጸጥታው ነበር። የለቅሶ ቤት አይደል? ሙሾ የለም፤ ጩኸት የለም፤ የሰው ድምፅ የለም። ታኬ ወደቀ፤ እንደገና ወደቀ፤ ሆስፒታል ወስደውት ሰው ሁሉ ተከትሏል አለች በልቧ። በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯ ሳይሸፈን፣ እየተደናቀፈች ወጣች።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሰዉ ሁሉ ተቀምጧል፤ ጆሮ ለጆሮ ያወራል፤ ውሃ የሚያዞሩት እንኳ ብርጭቆውን በጨርቅ ይዘው ነው። ከግቢው በር ላይ ከቡሬ የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ታከለ ከፊታቸው ቆሞ አንድ ነገር በጆሯቸው ሲላቸው አየች። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ዋጡና በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ገብተው ተቀመጡ።

«ምን ሆነ?» አለች ሀረገወይን፣ አጠገቧ የተቀመጡትን ጋሽ ጉቱን።

«ምንም አልሆነ» አሉ በሹክሹክታ። «እሱ ነው። ነጠላ ፈልጎ ገብቶ ተኝተሽ አየሽ። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ነው። ሀረግ ዓመት አልተኛችም፤ የሚያለቅስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልቅስ አለ። ምን እናድርግ፤ ዝም ብለን ስናለቅስ ዋልን።»

ታከለ ዞር ሲል አያት። በሰዉ መካከል አልፎ መጣና ፊቷ ቆመ። ዓይኖቹ አብጠዋል። የገዛ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረ።

«ነቅታለች» አለ። «አሁን አልቅሱ።»

ሰዉ ገና ሳይነሳ፣ ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው ሀረገወይን ነበረች።